ካርድ ክፍል ላይ የሰማሽ ማን ነው? ስለ ታካሚ ምስጢር ጥያቄና መልስ

በመንግሥት ሆስፒታል በነርስነት 19 ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻዎቹን 4 ዓመታት በሥነ ምግባር ኮሚቴም አባል ነኝ። ስለ ታካሚ ምስጢር የከነከናችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፤ ፍርድ ቤት የሚያደርስ ጉዳይ ያላችሁ ጠበቃ አማክሩ።

ሲስተር፣ ጤና ጣቢያ ካርድ ላወጣ ተሰልፌ ሳለ ሠራተኛዋ በመስኮት «ምንሽን ነው ያመመሽ?» አለችኝ። ከኋላዬ ያሉት የሰፈሬ ሰዎች ናቸው። መመለስ ነበረብኝ?

አልነበረብሽም እህቴ። ካርድ ክፍል የሚፈልገው ስምሽን፣ ዕድሜሽን፣ አድራሻሽንና የድሮ ካርድ ካለሽ ቁጥሩን ነው። የትኛው ክፍል እንደምትገቢ የሚወስነው ትሪያጅ (ታካሚ መጀመሪያ ታይቶ የሚለይበት ቦታ) ላይ ያለው ባለሙያ ነው። «ለሐኪም እነግራለሁ» ብለሽ ማለፍ ትችያለሽ።

ምስጢር ሐኪሙ ክፍል ውስጥ ብዙም አይወጣም። የሚወጣው እስከዚያ ባለው መንገድ ነው፤ በር ላይ ጥበቃው ይጠይቃል፣ መስኮት ላይ ካርድ ክፍል ይጠይቃል፣ ኮሪደር ላይ ደግሞ ስም ጠሪው ይጮኻል። አንድ ቀን ስም ጠሪያችን «የስኳር በዚህ፣ የኤአርቲ በዚያ!» ብሎ ሲጣራ (ኤአርቲ የኤችአይቪ መድኃኒት ነው) አንድ ሰውዬ ከአግዳሚው ተነሥቶ ኮቱን ደርቦ ሲወጣ አይቻለሁ። መድኃኒቱን ሊወስድ የተመለሰው በሳምንቱ ነው። ስም ጠሪው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሰው እንዳይንገላታ ብሎ ነው።

አባታችን 68 ዓመታቸው ነው። የጉበት ካንሰር መሆኑን ሐኪሙ ለእኛ ለልጆች ነገረን። «ለእሳቸው እንዳትነግሩብን» ብለን ለመንነው። አጠፋን?

ይህን የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

እኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰባስቦ፣ ሲነጋጋ ነው የሚረዳው፤ ባለቤቱ ብቻውን እንዳይሆን። ልጆች ሐኪሙን ኮሪደር ላይ ይዘው የሚለምኑት ከዚህ ልማድ ተነሥተው ነው፤ አልፈርድባችሁም። ግን ስህተቱ የጀመረው እናንተ ዘንድ አይደለም፣ እኛ ዘንድ ነው። ሐኪሙ አባታችሁን ሳያስፈቅድ ለእናንተ ሲነግር የሰው ምስጢር አወጣ። ሕመሙ የአባታችሁ ነው፤ ወሬውም የእሳቸው ነው።

ደግሞ አያውቁም ብላችሁ አትተማመኑ። አንዲት እናት አስታምሜ ነበር። ልጆቿ «ጨጓራ ነው» ብለዋታል። አንድ ሌሊት መርፌ ልሰጣት ስገባ እጄን ያዝ አድርጋ፣ «አውቄዋለሁ፤ ልጆቼ እንዳይደነግጡብኝ አደራ እንዳትነግሪያቸው» አለችኝ። እሷ ከልጆቿ፣ ልጆቿም ከእሷ እየደበቁ ሦስት ሳምንት አለፈ። የንስሐ አባቷን የጠራነው መናገር ሲያቅታት ነው። ኑዛዜ የሚባል ነገርም አልነበረም።

አሁን ወጣት ሐኪሞችን የምመክረው ምርመራው ገና ሲጀመር እንዲጠይቁ ነው፦ «አባባ፣ ውጤቱ ሲመጣ ለራስዎ እንንገርዎ ወይስ ለልጅዎ?» «ለልጄ ንገሩት» ካሉ ፈቃዳቸው ነው፣ አለቀ። «ለራሴ» ካሉ ማንም ሊከለክል አይችልም። ለእናንተ ያልኩት ይህ ነው፤ ሐኪሙ ዛሬም ቢሆን አባታችሁን እንዲጠይቃቸው አድርጉ። መስማት ከፈለጉም አጠገባቸው ተቀመጡ።

ለመሆኑ ሕግ አለ?

አለ። የ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል። የ1996 የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 ደግሞ ሐኪም፣ ፋርማሲስት፣ አዋላጅ፣ ነርስ እያለ ዘርዝሮ በሥራው ያወቀውን ምስጢር የሚያወጣውን ይቀጣል፤ ግን ተበዳዩ አቤት ማለት አለበት። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም የጤና መረጃ የተለየ ጥንቃቄ እንዲደረግለት ያዛል። አቤቱታ ስትጀምሩ ግን ከሆስፒታሉ ሜዲካል ዳይሬክተር ጀምሩ፤ በጽሑፍ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሳችሁ።

ኢንተርን ነኝ። ለመማማር የታካሚ ፎቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንለጥፋለን፤ ስም እንቆርጣለን። ችግር አለው?

ስም መቁረጥ አይበቃም ወንድሜ። አንድ ጊዜ የአንገት ዕብጠት ፎቶ አየሁ። ስም የለውም፣ ፊት የለውም። ግን የአንገቷ ንቅሳት ይታያል፣ ከሥር ደግሞ «7 ልጆች የወለደች፣ ከእንትን ወረዳ የመጣች» ይላል። የአገሯ ሰው ቢያየው በንቅሳቷ ብቻ ይለያታል። ሲኒየርህን ለማማከር ለእሱ ብቻ መላክና 400 ሰው ያለበት ግሩፕ ላይ መለጠፍ አንድ አይደለም። ለሁለቱም አስፈቅዳት፤ ፎቶው የት እንደሚሄድም በሚገባት ቋንቋ ንገራት። ከስልክህ ጋለሪ ማጥፋትም እንዳትረሳ፤ ታናሽ እህትህ ስልክህን ትነካካለች አይደል?

የሰው ሀብት ክፍሉ «ሕመምህ ምን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት አምጣ» ይለኛል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለሕመም ፈቃድ የሚጠይቀው የሕክምና ማስረጃ ነው። አለቃህ ማወቅ ያለበት ስንት ቀን እንደምታርፍና ስትመለስ ምን ሥራ እንደማይሆንህ ነው። ችግሩ እኛም ፎርሙ ላይ የሕመሙን ስም በልማድ እንጽፋለን። ሐኪሙ ማኅተም ሳያስመታ በፊት «የሕመሙ ስም ባይጻፍ» በለው። ብዙዎቹ እሺ ይላሉ፤ የሚጠይቃቸው ሰው የለም እንጂ።

ወደ ዓረብ አገር ልሄድ ተመርምሬ በጉበት ቫይረስ ምክንያት «አንፊት» (ብቁ አይደለሽም) ተባልኩ። የሰማሁት ከደላላው ነው፤ ለእናቴም ነግሯታል።

ይህ በጣም ያናድደኛል። ውጤቱ ለጉዞው ጉዳይ እንዲተላለፍ ፈርመሽ ሊሆን ይችላል፤ ደላላ እናትሽ ቤት ሄዶ እንዲያወራው ግን አልፈረምሽም። መጀመሪያ መስማት የነበረብሽ አንቺ ነሽ፣ በሩን ዘግቶ ከሚያስረዳሽ ባለሙያ። አሁን ግን ከንዴቱ ይልቅ የሚያስቸኩለው ክትትሉ ነው። «አንፊት» የእነሱ የቪዛ ቃል ነው፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ብዙ ሰው ክትትል እያደረገ ሠርቶ፣ አግብቶ ይኖራል። ውጤቱን በወረቀት ተቀበያቸውና ሆስፒታል ሂጂ። ቤተሰብሽም ይመርመር፤ ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ክትባት አለው።

16 ዓመቴ ነው። ኤችአይቪ ብመረመር ለቤተሰቤ ይነግራሉ?

አይነግሩም። በአገራችን መመሪያ 15 ዓመት የሞላው ራሱ ፈቅዶ ይመረመራል፤ ውጤቱም የራሱ ነው። ሂጂ፣ አትፍሪ።

ምስጢር የማይጠበቅበት ጊዜስ የለም?

አለ፣ ጥቂት ነው። ኮሌራ ወይም ኩፍኝ ከተጠረጠረ ወዲያው ለጤና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት ይደረጋል። የሳንባ ቲቢ ሲገኝ አብረው የሚኖሩት እንዲመረመሩ ይጠራሉ። ፍርድ ቤት ሲያዝም እንሰጣለን። ፖሊስ መጥቶ በቃል «ካርዱን አሳዪኝ» ሲል ግን ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ነው የምንልከው።

ጎረቤቴ ነርስ ናት፤ ቡና አብረን እንጠጣለን። የምትሠራበት ሆስፒታል ስሄድ ኮሪደር ላይ ዓይን ለዓይን ተያይተን እንዳላየ ሆና አለፈች። ተቀይሜያለሁ።

አትቀየሚያት! እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። የቆምሽው የየትኛው ክፍል በር ላይ እንደሆነ፣ አብሮሽ ያለው ማን እንደሆነ አታውቅም፤ ስምሽን ጠርታ ብትስምሽ ሁሉ ዞሮ ያይሽ ነበር። ቀድመሽ ሰላም ብትያት ኖሮ እሷም ሰላም ትልሽ ነበር። እሑድ እንደ ወትሮሽ ለቡናው ሂጂ፤ ስለ ሆስፒታሉ አንቺ ካላነሣሽ እሷ አታነሣም።