ቤት የሌለው ነጋዴ ብድር እንዴት ያገኛል? ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

በባንክ ብድር ክፍል ዓመታት ሠርቻለሁ። ስለ አነስተኛ ንግድ ብድርና ስለ መንግሥት ፖሊሲው በማውቀው ልክ እመልሳለሁ። የወለድ መጠንን ግን እየሄዳችሁ ባንካችሁን ጠይቁ፤ ይለዋወጣል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የልብስ ስፌት ማሽኖች አሉኝ፣ ቤት የለኝም። ባንክ ስሄድ «ካርታ አምጪ» ተባልኩ። ማሽኑ መያዣ አይሆንም እንዴ?

መልስ፦ በሕግ ይሆናል እህቴ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ማሽን፣ ከብት፣ ሰብል፣ ያልተሰበሰበ ሂሳብ (ከደንበኛ የሚጠበቅ ክፍያ)፣ የገበሬ መሬት የመጠቀም መብት ሳይቀር በመያዣነት እንዲያዝ ፈቅዷል። ማን ቀድሞ እንደያዘ የሚታወቅበት መዝገብም በብሔራዊ ባንክ ተዘርግቷል። እንቅፋቱ የብድር ኦፊሰሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። «ባትከፍል ያገለገለ ማሽን ማን ይገዛኛል?» ይላል። ቤት ከሆነ ገዢ እንደማይታጣ ያውቃል። ስለዚህ የግዢ ደረሰኝ፣ ከውጭ የመጣ ከሆነ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነዱን)፣ የማሽኑን ሴሪያል ቁጥር ይዘሽ ሂጂ። ደረሰኝ የሌለው ማሽን የአንቺ መሆኑን ማስረዳት ራሱ ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ መንግሥት ባንኮቹን ለምን አያስገድድም?

መልስ፦ ማስገደድ ለምደናል፣ ለትንሹ ነጋዴ ግን አልጠቀመም። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ካበደሩት 100 ብር በ27 ብር ሂሳብ የብሔራዊ ባንክ የብድር ሰነድ በግዴታ ይገዙ ነበር። ገንዘቡ ወደ ትልልቅ ፕሮጀክቶች ሄደ። በ2015 መጨረሻ ደግሞ ዋጋ ንረትን ለመግታት የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ ተጣለ፤ በኋላ ከፍ ተደርጓል። ጣሪያ ሲኖር ባንክ ማንን እንደሚያስቀድም ገምቱ፤ የለመደውን ትልቅ ደንበኛ ነዋ! እኔ የምደግፈው መንግሥት ኪሳራውን በከፊል የሚጋራበት የዋስትና ፈንድ ነው። ሙሉውን ከተሸከመ ግን ባንኩ ተበዳሪውን መመርመር ይተዋል።

ጥያቄ፦ የልማት ባንክ ሊዝ ያዋጣል?

መልስ፦ ሊዝ ማለት ባንኩ ማሽን ገዝቶ ያከራይሃል፣ ኪራዩን ከፍለህ ስትጨርስ ያንተ ይሆናል። ለአምራች ያዋጣል። ከማሽኑ ዋጋ 20 በመቶውን አንተ፣ 80ውን ባንኩ ታዋጣላችሁ፤ የ1 ሚሊዮን ብር ማሽን ከሆነ 200 ሺህ ይዘህ ትቀርባለህ። ዕዳው እስኪያልቅ ማሽኑ የባንኩ ነው፣ ቤት የማይጠየቀውም ለዚህ ነው። የጥሬ ዕቃ መግዣህን ግን አስቀድመህ አስብ። ተተክሎ፣ መብራት ገብቶለት፣ በጥሬ ዕቃ እጦት የቆመ ማሽን አይቻለሁ። ኪራዩ ግን አይቆምም።

ጥያቄ፦ የማይክሮ ፋይናንስ የቡድን ብድርስ?

መልስ፦ ለመነሻ ጥሩ ነው። ጓደኞችህ ካልከፈሉ አንተ እንደምትከፍል አትርሳ።

ጥያቄ፦ ዋሽንግተን ነኝ። ወንድሜን በዋስትና ልረዳው እችላለሁ?

መልስ፦ የዲያስፖራ የውጭ ምንዛሪ የጊዜ ገደብ ሂሳብ (እስከ ተወሰነ ጊዜ የማይወጣ ተቀማጭ) በመያዣነት የሚቀበሉ ባንኮች አሉ። ወንድምህ ካልከፈለ የሚቆረጠው ያንተ ዶላር መሆኑን አውቀህ ግባ።

ጥያቄ፦ ለአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንበርና ጠረጴዛ ሠርተን አስረክበናል፤ ክፍያው ቀረ። በዚያ ብድር ይገኛል?

መልስ፦ ያልተሰበሰበ ሂሳብ ከላይ ባልኩት አዋጅ ውስጥ አለ። ውሉን፣ የርክክብ ሰነዱን፣ ከሁሉም በላይ መሥሪያ ቤቱ ክፍያውን በዚያ ባንክ በኩል እንደሚፈጽም የጻፈውን ደብዳቤ ያዙ። ደብዳቤው ላይ ነው ብዙዎች የሚቀሩት፤ ፋይናንስ ክፍሉ «ነገ ና» ይላል። እንደኔ እንደኔ መንግሥት አዲስ ፈንድ ከማቋቋሙ በፊት የራሱን ዕዳ በ30 ቀን የመክፈል ግዴታ ቢያስቀምጥ፣ እናንተም ብድር ባላስፈለጋችሁ።