ሳክስ ለምትነፉ የባህር ዳር ልጆች፦ ግጥሙን ሳታውቁ ሶሎ አትግቡ

ሰሞኑን ባህር ዳር ሳክስ የያዘ ወጣት በዝቷል፣ ደስ ይላል። አርብና ቅዳሜ ማታ በሐይቁ ዳር ሆቴሎች ብታልፉ አንድ ልጅ ቆሞ ሲነፋ አታጡም፣ ሰርግ ላይማ ሙሽሮች ሲገቡ ሳክስ ካልተነፋ ሰርግ አይመስልም ተብሏል መሰለኝ። ጣታችሁ ፈጣን ነው፣ እኔ በናንተ ዕድሜ እንደዛ አልሮጥም ነበር፣ ዩቲዩብም ብዙ ነገር አስተምሯችኋል። ግን ብዙዎቻችሁን ቁጭ ብዬ ስሰማ አንድ ነገር ይጎድልብኛል፣ እሱን ልንገራችሁና ከዛ የመሰላችሁን አድርጉ። የምትጫወቱትን ዘፈን ግጥም አታውቁትም።

«ጋሼ እኔ ዘፋኝ አደለሁም፣ ግጥም ምን ያደርግልኛል» ይለኛል አንዱ። አሜሪካዊው ዴክስተር ጎርደንም ዘፋኝ አልነበረም እኮ፣ ቴነር ሳክስ ነበር የሚነፋው፣ ግን መድረክ ላይ ቀስ ያለ ዘፈን ሊጀምር ሲል በዛ ወፍራም ድምፁ የግጥሙን የመጀመሪያ ስንኞች ለታዳሚው ይናገርና ከዛ ነው ማውዝፒሱን ወደ አፉ የሚወስደው። ከሱ በፊት የነበረው ሳክሲስት ሌስተር ያንግም ግጥሙን እወቁ ባይ ነበር። ሳክሲስቱን ጆን ኮልትሬንንማ ሁላችሁም ትጠሩታላችሁ፣ ግን የምትጠሩት ለፍጥነቱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የቀረፀውን ጃይንት ስቴፕስ፣ ያን አስቸጋሪ የኮርድ ሩጫ፣ ለመቅዳት ስትታገሉ አያለሁ። ያው ሰውዬ በ1964 መጨረሻ አ ላቭ ሱፕሪም የሚባለውን አልበም ሲቀርፅ የመጨረሻውን ክፍል ምን አደረገው መሰላችሁ፣ ራሱ የፃፈውን ፀሎት ቃል በቃል በሳክሱ አነበበው። ፀሎቱ አልበሙ ላይ ታትሟል፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ብትሰሙት እያንዳንዱን ስንኝ መከተል ትችላላችሁ። ሩጫውን ጨርሶ ያየው ሰው ወደ ቃል ነው የሄደው።

እኛ ሀገር ደሞ ጋሽ ጌታቸው መኩሪያ አሉላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1935 ይፋት ተወልደው በክራርና በማሲንቆ የጀመሩ ሰው ናቸው፣ ከዛ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ገብተው ሳክስ ያዙ፣ ቀጥሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ቀጥሎ ፖሊስ ኦርኬስትራ። ገና እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሽለላን አንስተው በቴነር ሳክስ ነፉት። ጎጃም ተወልዳችሁ ሽለላና ፉከራ ሳትሰሙ አላደጋችሁም፣ ስለዚህ የሳቸውን ቅጂ ስትሰሙ ጆሯችሁን ስጡት፦ አንዱን ድምፅ ይይዙና ያንቀጠቅጡታል፣ ከዛ ቃላቱን በአንድ ትንፋሽ ይደረድሯቸዋል፣ ከዛ ዝም። ዝም ያሉበት ቦታ ፎካሪው ግራ ቀኝ እየተገላመጠ «ማነው ወንድ» የሚልበት ቦታ ነው። የውጭ ሰዎች በኋላ ሰምተው ከአሜሪካኖቹ የፍሪ ጃዝ ሳክሲስቶች ከነኦርኔት ኮልማንና ከነአልበርት አይለር ጋር አመሳሰሏቸው፣ እሳቸው ግን ከፎካሪ አፍ ነው የወሰዱት። ሰባን ካለፉ በኋላ እንኳ ዘ ኤክስ ከሚባል የሆላንድ ፓንክ ባንድ ጋር አልበም ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ፣ አውሮፓ መድረክ ላይ ከልጅ ልጃቸው ዕድሜ ጋር የሚሆን ወጣት ሲያስጨፍሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪያርፉ ድረስ ያ ድምፅ የሳቸው ብቻ ነበር፣ አንድ ኖታ ሰምታችሁ ታውቁታላችሁ።

አሁን እንዲህ አድርጉ። አንድ የትዝታ ዘፈን ምረጡና ሳክሱን ሳጥኑ ውስጥ ተዉት። ግጥሙን በእጃችሁ ፃፉት፣ ከስልክ ኮፒ አታድርጉ። መጀመሪያ እንደ ወሬ አንብቡት፣ ከዛ ዝፈኑት፣ ድምፃችሁ ቢያስጠላም ዝፈኑት፣ ጎረቤት ይሳቅ። ዘፋኙ የት ጋ ተነፈሰ፣ የቱን ፊደል አጠበቀ፣ የቱን አላላ፣ ምልክት አድርጉበት። ሳክሱን ስታነሱ የሚጠብቀው ላይ ምላሳችሁ ሪዱን (ማውዝፒሱ ላይ ያለውን ቀጭን ሸምበቆ) ያዝ አድርጎ ይልቀቀው፣ የሚላላው ላይ ምላስ ጭራሽ አትንኩ፣ በትንፋሽ ብቻ እለፉት። እንዲህ ስትጫወቱት ስኬል የማያውቅ አስተናጋጅ ራሱ ትሪውን ይዞ ግጥሙን ማነብነብ ይጀምራል፣ ያኔ ገባኝ በሉ።

አዝማሪ ቤትም ሂዱ፣ ለመጠጣት ሳይሆን ለመስማት (ብትጠጡም አልፈርድም)። ታዳሚው «ተቀበል» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ይቀበላል፣ ማሲንቆው ይመልሳል። ማሲንቆው መቼ ነው የሚመልሰው? ስንኙ አልቆ፣ ወርቁ ለሰው ገብቶ፣ ሳቁ ሲመጣ። ከዘፋኝ ኋላ ሆኖ ሳክስ መንፋት ይሄው ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም። እናንተ ግን ዘፋኟ ገና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳለች፣ ቅኔው ሊፈታ ሲል፣ ትርርርር አድርጋችሁ ትገባላችሁ፣ በቃ ገደላችሁት። ከዛ ደሞ «ማናጀሩ ለምን ድጋሚ አልጠራኝም» ትላላችሁ። ማናጀሩ ላያውቅ ይችላል፣ ዘፋኟ ግን ታውቃለች፣ ባንድ ሲቀየር ማን ይቅር ማን ይምጣ የምትለው እሷ ናት።

የሙዚቃ ቁልፍ (ኪ) ነገር ላይ ብዙ አልቆይም፣ ይሄን ታውቁታላችሁ ብዬ አስባለሁ፦ ሳክስ ላይ የኖታው ስም ይለወጣል፣ ጊታሪስቱ ኢ ሲላችሁ ቴነር ሳክስ ላይ ኤፍ ሻርፕ ነው፣ አልቶ ሳክስ ላይ ሲ ሻርፕ። አዝማሪ ደሞ ማሲንቆውን ለድምፁ ነው የሚቃኘው፣ ፒያኖ ላይ የሌለ ቦታ ሊቆም ይችላል፣ እዛ ላይ ኤሌክትሮኒክ ቱነር አያድናችሁም፣ ከንፈራችሁን ላላ ጠበቅ እያደረጋችሁ መፈለግ ነው። አራቱን ቅኝት፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ በአስራ ሁለቱም ቁልፍ የማይጫወት ልጅ ጃዝ እጫወታለሁ ሲለኝ እኔ ዝም እላለሁ።

መቼ እንለማመድ ካላችሁ፣ ጥር ላይ ሰርግ ያሯሩጣችኋል፣ ከፋሲካ በኋላም እንደዛው፣ ዐቢይ ፆም ሲገባ ግን 55 ቀን ሰርግ የለም፣ ማታ ማታውም ይቀዘቅዛል። ብዙ ልጅ ያን ጊዜ በብስጭትና በብድር ነው የሚያሳልፈው። አሜሪካዊው ሳክሲስት ሶኒ ሮሊንስ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1961 ስሙ ገኖ ሳለ ሥራ አቁሞ ኒውዮርክ ዊሊያምስበርግ ድልድይ ላይ እየወጣ ብቻውን ሲነፋ ነበር፣ አንዱ ምክንያት ምን መሰላችሁ፣ ጎረቤቱ ነፍሰ ጡር ስለነበረች እሷን ላለመረበሽ። እኔ ዓባይ ድልድይ ላይ ውጡ አልላችሁም፣ ጥበቃዎቹ ምን እንደሚሏችሁ ታውቃላችሁ፣ ግን ጣና ዳር ጠዋት ማንም አይከለክላችሁም። ሎንግ ቶን ንፉ፣ አንዱን ድምፅ ረጅም ይዛችሁ ማለት ነው፣ ውሃው ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፣ የተሰበረውን ድምፃችሁን ራሳችሁ ትሰሙታላችሁ። ስትጨርሱ በጨርቅ ሳትጠርጉ ሳጥን ውስጥ አትክተቱት፣ ቀዳዳውን የሚከድነው ፓድ ቆዳ ነው፣ እርጥበት ይጠጣል፣ መጀመሪያ የሚጣበቅባችሁ የጂ ሻርፕ ፓድ ነው። ቀጭን ወረቀት ከፓዱ ስር አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉት፣ ውሃውን ይመጥላችኋል፣ ግን ፓዱ ተጭኖ ሳለ ወረቀቱን አትሳቡት፣ ይላጣል።

ስለ ብር ደሞ አጭር ነው፦ ከመውጣታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ስንት ዙር ነው የምትጫወቱት፣ ትራንስፖርት በማን፣ እራት አለ የለም፣ ሽልማት ሲመጣ ዘፋኙ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር ለባንዱ ይካፈላል ወይስ የሱ ነው። እኔ አንድ ቦታ «ነገ» እየተባልኩ ክረምቱ አልፎብኛል፣ ከዛ ወዲህ ግማሹን ሳልቀበል ሳጥኔን አልከፍትም፣ ሰው ደረቅ ቢለኝም ቢለኝ።

የላይቭ ነገር ካነሳን አይቀር፣ መብራት ይጠፋል። ሲጠፋ ኪቦርዱ ሞተ፣ ቤዙ ሞተ፣ ማይኩ ሞተ፣ የቀራችሁት እናንተና ድራመሩ ብቻ ናችሁ፣ ታዳሚው ስልኩን አብርቶ ያያችኋል። ብዙ ልጅ እዚህ ጋ ሳክሱን አውርዶ ይቆማል። አታውርዱ፣ ዜማውን ብቻ፣ ጌጥ ሳታበዙ፣ ግጥሙን በሆዳችሁ እያላችሁ ቀጥሉ፣ ከሁለተኛው ስንኝ ጀምሮ ቤቱ ይዘፍንላችኋል፣ ዘፋኟም ያለ ማይክ ትገባለች። ጄኔሬተሩ ሲነሳ ኪቦርዲስቱ በምን ቁልፍ ላይ እንዳላችሁ በዓይኑ ይጠይቃችኋል፣ ታዲያ በኮንሰርት ስሙ፣ ጊታሪስቱና ኪቦርዲስቱ በሚጠሩበት፣ ንገሩት እንጂ በቴነር እንዳትነግሩት።