ሳሎን የገባ ጥድ፦ ከኮምቦልቻ የመጣ የቦንሳይ ጥያቄ

ኮምቦልቻ ችግኝና አበባ እያፈላች መንገድ ዳር የምትሸጥ አንዲት እህታችን ስለ ቦንሳይ፣ ማለትም ዛፍን ትንሽ ሸክላ ላይ አሳንሶ ስለ ማሳደግ፣ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦ "ሰላም ጋሼ፣ ከደሴ ችግኝ ጣቢያ ሶስት የሐበሻ ጥድ ገዝቼ አንዱን ለቦንሳይ ብዬ ጠፍጣፋ ሸክላ ላይ ተከልኩት፣ ሥሩንም ቅርንጫፉንም ቆረጥኩ፣ ሽቦም ጠመጠምኩበት፣ ሳሎን ቴሌቪዥኑ ጎን አድርጌ በየጠዋቱ ውሃ አጠጣዋለሁ። አሁን ግራጫ ሆኖ ሲነኩት ይረግፋል። ይድናል ወይ? የቀሩት ሁለቱስ ምን ላድርጋቸው?"

እህት አለም፣ መጀመሪያ በጥፍርሽ ግንዱን ትንሽ ፋቅ አድርጊው። ከቅርፊቱ ስር አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ነፍስ አለው፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ግን አልቋል፣ እና ከነገርሽኝ ስነሳ ያለቀ ይመስለኛል። ጥድ ሥሩ ከሞተ በኋላ ለሳምንታት አረንጓዴ መስሎ ይቆያል፣ ስለዚህ ግራጫ ሆኖ ያየሽው ቀን የተጎዳበት ቀን አይደለም፣ ጉዳቱ የገባው ገና ስትተክይው ነው። ሥር መቁረጥ፣ ቅርንጫፍ መቁረጥ፣ ሽቦ፣ ከዛ ደግሞ ጨለማ ቤት፣ ይሄን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚችል ጥድ የለም።

ለሁለቱ ግን አብሽሪ፣ ይደርሳሉ። ዋናው ነገር ጥድ የውጪ ዛፍ ነው፣ ሳሎን አይኖርም፣ መስኮት ስር ቢሆንም አይበቃውም። ቦንሳይ ስለተባለ ዛፍነቱን አይተውም። ግቢ አውጪው፣ ቢያንስ ግማሽ ቀን ፀሐይ ያግኝ። እዚህ ላይ ግን ያንቺን ሰፈር ማየት አለብሽ፣ ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ጥዱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ቢመታው ግድ የለውም፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ ኮምቦልቻ ስትደርሺ ግን ከፍታው ከ2,000 በታች ነው፣ ሙቀቱም ሌላ ነው፣ ትንሽ ሸክላ ደግሞ ቶሎ ይግላል፣ ስለዚህ በተለይ ግንቦትና ሰኔ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ለችግኞችሽ የሰራሽው ዳስ ስር አስጠጊው። ቪዲዮ ላይ በረዶ ሲወርድ ምናምን የሚሉትን አትከተይ፣ እነሱ የሚያወሩት ስለ ጃፓን ጥድ ነው፣ የኛው የደጋ ዛፍ በረዶ አይፈልግም።

ውሃን በተመለከተ በየጠዋቱ የሚባል ነገር ተዪ። ጣትሽን 2 ወይ 3 ሴንቲ አስገቢና እርጥበት ከተሰማሽ ዝለይው፣ መድረቅ ከጀመረ ደግሞ ከታች በቀዳዳው እስኪፈስ አጠጪው። ሐምሌና ነሐሴ ሳምንት ሙሉ ላታጠጪ ትችያለሽ፣ ጥርና የካቲት በነፋስ ጊዜ ቀን በቀን ሊሆን ይችላል። ሸክላሽ ከታች ቀዳዳ ከሌለው አሁኑኑ ቀይሪው፣ ይሄ ድርድር የለውም።

አፈሩ ደግሞ የጓሮ ጥቁር ዋልካ እንዳይሆን፣ ውሃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሳል። ብሎኬት ሰሪዎች ጋ ፑሚስ (ቀላሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ድንጋይ) ወይ ቀይ አሽ ካገኘሽ በወንፊት ነፍተሽ ዱቄቱን ጣዪ፣ ከሌለ ደቃቅ ጠጠር ይሁን፣ ሁለት እጅ ከዛ አንድ እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት። ዩሪያ እንዳትሞክሪ፣ ትንሽ ሸክላ ውስጥ ሥር ያቃጥላል።

ወደ ጠፍጣፋው ሸክላ የምታዛውሪው በልግ ሲገባ ወይ ሰኔ ዝናቡ ሲጀምር ነው፣ ከሥሩም ከሲሶ በላይ አትቁረጪ፣ ከዛ ሁለት ሶስት ሳምንት ጥላ፣ ነፋስ እንዳያነቃንቀው በገመድ እሰሪው። በዛው ዓመት ሌላ ነገር አትንኪው። በሚቀጥለው ዓመት ቅርንጫፍ ስትቀንሺ እንደ አጥር ጥድ ጫፍ ጫፉን በመቀስ እኩል አትከርክሚ፣ የተቆረጠው ጫፍ ሁሉ ቡናማ ይሆንብሻል፣ የማትፈልጊውን ቀንበጥ ከመነሻው አውጪው። በምታስቀሪው ቅርንጫፍ ላይ ሁሌ አረንጓዴ ይቅር፣ ምክንያቱም ጥድ ከባዶ እንጨት መልሶ አያቆጠቁጥም ማለት ይቻላል።

ሽቦውን የኤሌክትሪክ መዳብ ልጠሽ ተጠቀሚ፣ 1.5 እና 2.5 የሚባለው ይበቃል፣ ግን መጀመሪያ ከሰል ላይ እስኪቀላ አግይውና አቀዝቅዢው፣ ካልሆነ ደርቆ ስትጠመዝዢ ቅርንጫፉን ይሰብርብሻል። ሽቦውን ሰያፍ አድርገሽ ሳታጠብቂ ጠምጥሚ፣ በየሳምንቱ እዪው፣ ቅርፊቱ ውስጥ መግባት ከጀመረ ሳትፈቺ በፒንሳ ቆራርጠሽ አንሺው።

በበጋ ደግሞ ቅጠሉ አቧራ የነካው መስሎ ከደበዘዘ ከስሩ ነጭ ወረቀት ይዘሽ ቅርንጫፉን አራግፊው። ወረቀቱ ላይ የሚንቀሳቀስ ነጥብ ካየሽ ቀይ ሸረሪት የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው፣ ቅጠሉን ከላይም ከታችም በውሃ ጫን አድርገሽ እጠቢው፣ በየሦስት ቀኑ ደጋግሚው።

የሞተውን ለመተካት ብለሽ ግን ከጫካ ወይ ከቤተክርስቲያን አፀድ ነቅለሽ እንዳታመጪ፣ የሐበሻ ጥድ እየመነመነ ያለ ዛፍ ነው፣ ደግሞም ዋናው ሥሩ ስለሚበጠስ አብዛኛው አይፀድቅም። ችግኝ ጣቢያ ስትሄጂም የፈረንጅ ጥድ እንዳይሰጡሽ ዘሩ ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ ጠይቂ፣ የሐበሻው ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳና ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ የፈረንጁ ጠንካራ እንጨት ነው። ለሽያጭ ካሰብሽ ደግሞ ሸክላው ላይ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሳያልፍ አትሽጪ፣ ለገዢውም ውጪ እንደሚቀመጥ ንገሪው።