አዋጁ ፈቃድ መስጫው መስኮት ይድረስ

እህቴ፣ «ፌስታል የሚከለክለው የ2017ቱ አዋጅ ወጥቷል፤ እኛ ቢሮ ግን ሁሉም መመሪያ ይምጣ እያለ ቁጭ ብሏል፤ ከየት ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ባሕር ዳር በአካባቢ ጥበቃ ባለሙያነት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

ከሥልጠና አትጀምሪ። ሥልጠና ይጠቅማል፤ ግን ሠራተኛው በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ የሚያገኘው የድሮውን ቅጽ ከሆነ ሥራው ያው የድሮው ነው።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 የወጣው በ1995 ነው። አንድ ፕሮጀክት በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አስቀድሞ ይገምገም፤ ግምገማው ሳይጸድቅ ፈቃድ አይሰጥም ይላል። እኛ ዘንድ ግን ፋይሉ የሚመጣው ባለሀብቱ አጥሮ፣ መሠረት አውጥቶ ሲያበቃ ነበር። ያኔ ገንዘቡ ወጥቷል፣ የሐይቁ ዳር ደንገልም ተጨፍጭፏል። አሁን አይሆንም ብትዪ ማን ይሰማሻል?

ነገሩን የለወጠው ከንግድ፣ ከመሬትና ከግንባታ ፈቃድ ሰዎች ጋር ተቀምጠን መነጋገራችን ነው። መስኮቱ ላይ በሚለጠፈው የማሟያ ዝርዝር ውስጥ የእኛ የይሁንታ ደብዳቤ ገባ። ከዚያ ወዲህ ባለጉዳዩ ራሱ ቀድሞ ይመጣ ጀመር።

አንድ ላቫጆ ፈቃድ ሊያሳድስ መጣ። ሄደን ስናየው ዘይትና ሳሙና የተቀላቀለበት ውኃ በቦይ ቁልቁል ወደ ጣና ይወርዳል። ባለ ሦስት ክፍል ጉድጓድ አሠራ አልነው። የመጀመሪያው ጭቃውን ያስቀራል። ሁለተኛው ላይ ዘይቱ ይንሳፈፋል፤ ውኃው ከሥር በቱቦ ወደ ሦስተኛው ያልፋል። ዘይቱ ከላይ እየተቀዳ ይወጣል። በፊት በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ያልሆነው እድሳቱ ሲያዝ ሆነ።

ይህ መንገድ ሁሉንም አይፈታም። በጉማራ፣ በርብና በግልገል ዓባይ እየታጠበ ሐይቁ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ የፈቃድ መስኮት አያውቅም፤ እምቦጩን የሚያደልበው ደግሞ እሱ ነው። እዚያ ላይ ግብርናው ካልገባበት የእኛ ድካም ከንቱ ነው። ይህን በየስብሰባው ሳትሰለቺ አንሺው።

ወደ ፌስታሉ ስመለስ፣ የንግድ ፈቃድ እድሳት ሐምሌ ላይ ይጀምራል። ከዚያ በፊት የእድሳት ቅጹን ኮፒ አስመጪ። ፌስታል የሚያከፋፍሉትን ለይታችሁ፣ ማከፋፈል ማቆማቸውን የሚያረጋግጡበት አንድ መስመር ቅጹ ላይ እንዲጨመር በጽሑፍ ጠይቂ። ደብዳቤው በኃላፊሽ ፊርማ ይውጣ፤ ግልባጩ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት ይሁን። የራሳችሁ ግዥ ክፍልም ፌስታል መግዛቱን ዛሬውኑ ያቁም፤ ለዚህ መመሪያ አያስፈልግም።