መልስ፦ የቨርቹዋል ማሽንን የሃርድዌር ቨርዥን ዝቅ ስለማድረግ

ጤና ይስጥልኝ። የቨርቹዋል ማሽንዎን (በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) የሃርድዌር ቨርዥን፣ ማለትም ማሽኑ የሚያገኘውን የሃርድዌር ዓይነትና አቅም የሚወስነውን ቁጥር፣ እንዴት ዝቅ እንደሚያደርጉ ለጠየቁት መልሱ ይኸው። በኢኤስኤክስአይ (ቨርቹዋል ማሽኖችን በሰርቨር ላይ የሚያስኬድ የቪኤምዌር ሶፍትዌር) 7.0 ላይ የተፈጠረው ባለ ቨርዥን 17 ማሽንዎ በ6.7 ሰርቨር ላይ አልነሳ ያለው፣ 6.7 ማሻሻያ 2 ተጭኖለት እንኳ ከ15 በላይ ስለማይቀበል ነው። ቨርዥኑን በቀጥታ ዝቅ የሚያደርግ ምርጫ ቪስፌር (ኢኤስኤክስአይን ያካተተው የቪኤምዌር የሶፍትዌር ስብስብ) ውስጥ የለም፤ በቪኤምኤክስ ፋይሉ (የማሽኑ ማዋቀሪያ ፋይል) ውስጥ ቁጥሩን በእጅ መቀየርም ቪኤምዌር የማይደግፈው መንገድ በመሆኑ ለሥራ ማሽን አልመክረውም።

ይልቁንስ ማሽኑን አጥፍተው፣ ስናፕሾቶቹን (የማሽኑን የአንድ ወቅት ሁኔታ ለመመለስ የተያዙትን) ከዋናው ዲስክ ጋር ካዋሃዱና ባክአፕ ከያዙ በኋላ፣ በ6.7 ላይ ባለ ቨርዥን 14 አዲስ ማሽን ያለ ዲስክ ፈጥረው የቀድሞውን ቪኤምዲኬ (የማሽኑ ዲስክ ፋይል) ያያይዙለት። አደራ የምልዎት፣ ማሽኑ የሚነሳበት መንገድ (ባዮስ ወይም ኢኤፍአይ) እና የዲስክ መቆጣጠሪያው ዓይነት ከቀድሞው ጋር አንድ ይሁን፤ አለዚያ ዊንዶውስ ገና ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ሊያሳይዎት ይችላል። የኔትወርክ ካርዱም አዲስ ስለሚሆን ቋሚ አይፒውን እንደገና ያስገቡ።