ንግግሩ ፉከራ እንዳይሆን
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ታሪካዊ ንግግሮችን በቃላቸው ይዘው በጠዋት ሰልፍ ላይ እንዲያቀርቡ ማድረግ ጀምሬአለሁ። የዐፄ ምኒልክን የክተት አዋጅም ይሁን የዐፄ ኃይለ ሥላሴን የጄኔቫ ንግግር ግን ሁሉም እየጮኹ እንደ ፉከራ ነው የሚያወርዱት። ጭብጨባው ይደምቃል፤ በማግሥቱ ንግግሩ ለምን እንደተነገረ ስጠይቅ የሚመልስ የለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የጎጃም ልጅ በሠርጉም በዓድዋ በዓሉም ቀረርቶና ሽለላ እየሰማ ነው የሚያድገው። በአደባባይ ተናገር ሲባል ጆሮው የለመደውን ዜማ ቢያወጣ አያስደንቅም። ፉከራ የራሱ ክብር አለው። ነገር ግን ፎካሪ የራሱን ጀግንነት ያሳያል፤ ተናጋሪ ደግሞ አድማጩ አንድ ነገር እንዲያደርግለት ይፈልጋል። ስለዚህ ልጁ ከመሸምደዱ በፊት በአንድ ገጽ ጽፎ ያምጣልዎ፦ ማን ተናገረ? ለማን? የት ቆሞ? አድማጩ ምን እንዲያደርግለት ፈልጎ? ይህ ገጽ ሳይታረም ልምምድ አይጀመር።

የክተት አዋጁን እንይ። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲታወጅ ሕዝቡ የሰማው ከንጉሠ ነገሥቱ አፍ አይደለም፤ ነጋሪት እየተጎሰመ አዋጅ ነጋሪ በገበያና በአደባባይ ነው ያሰማው። ተማሪዎ ምኒልክን ልምሰል ብሎ ድምፁን ከሚያጎረንን አዋጅ ነጋሪውን ይሁን። ያን ጊዜ ሥራው ይለወጣል፦ የገበያ ጫጫታ አልፎ መሰማት፣ ቃል ሳያዛንፍ ማድረስ፣ ቀኑንና ቦታውን ደጋግሞ ማስያዝ። «ጉልበት ያለህ በጉልበትህ እርዳኝ» የሚለው ልመናም ነው፤ «ወስልተህ የቀረህ ግን ትጣላኛለህ» የሚለው ዛቻ ነው። ሁለቱ በአንድ ድምፅ ከተባሉ ልጁ አልገባውም ማለት ነው። በተለምዶ የሚነበበው ጽሑፍ የሸዋን ሰው ወረኢሉ ላይ ይቀጥራል። ታዲያ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሥር የዘመተው የጎጃም ጦርስ? ይህን ጥያቄ ለክፍሉ ይተዉት፤ አንድ ሳምንት ያነጋግራል። የአዋጁ ቃል ከመጽሐፍ መጽሐፍ ትንሽ ትንሽ ይለያያልና ሁሉም ተማሪ ከአንድ ቅጂ ያጥና።

የጄኔቫው ጭራሽ ሌላ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አገራቸው ተይዛ፣ በስደት ላይ ሆነው፣ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ተናገሩ። ሊጀምሩ ሲሉ የጣሊያን ጋዜጠኞች ፉጨት ለቀቁባቸው፤ ንጉሡም ዝም ብለው ጠበቁ። ለተማሪ ከባዱ ይህ ዝምታ ነው። ልጁ በሆዱ እስከ 10 ይቁጠር፤ አይኑን ወደ መሬት አይጣል። ፉጨቱን ለ3 ተማሪዎች ብቻ ይስጡ፤ መቼ እንደሚያቆሙም በእጅ ምልክት ይስማሙ። አለዚያ ክፍሉ በሙሉ ያፏጭና ትምህርቱ እዚያው ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው አቤቱታ ነው፤ ከ8 ወር በፊት 50 መንግሥታት የጣሊያንን ወረራ ሕግ መጣስ ነው ብለው ነበርና ቃላችሁ የት ደረሰ የሚል ነው። በጩኸት ከተባለ ይሞታል። በየቦታው ከእንግሊዝኛ ተመልሶ የተተረጎመ ቅጂ ስላለ፣ የያዙት እሱ ከሆነ አስተዋዋቂው ተማሪ ይህንኑ ይናገር።

ጥያቄ፦ በቡሬ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ አስተባባሪ ነኝ። የአካባቢያችን ጀግና ስለሆነ የበላይ ዘለቀን ንግግር ለማቅረብ ፈልገን ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ጽፈው አመጡ። ያስኬዳል?

መልስ፦ «በላይ እንዲህ አለ» ተብሎ ከቀረበ አያስኬድም። ለጊዜው ያምራል፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን ሌላ ክፍል እውነተኛ ንግግር ነው ብሎ ይጠቅሰዋል። የአቡነ ጴጥሮስም ነገር እንደዚሁ ነው፦ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ለተረሸኑት ጳጳስ ጸሐፊዎች በኋላ የደረሱላቸውን ቃል ብዙ ተማሪ የራሳቸው አድርጎ ያቀርባል። የልጆቹን ጽሑፍ «ድርሰት» ብላችሁ፣ የጸሐፊውን ተማሪ ስም ጠርታችሁ አቅርቡት፤ ያኔ ነውር የለውም።

ከአካባቢያችሁ ጋር የተያያዘ እውነተኛ ንግግር ከፈለጋችሁ የዐፄ ኃይለ ሥላሴን የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንግግር ውሰዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን በሱዳን ድንበር ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው፣ ጎጃምን አቋርጠው፣ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። አዲስ አበባ የደረሱት ከተማዋ በጠላት በተያዘች ልክ በ5ኛ ዓመቷ ዕለት ነው። አርበኞቹ በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህ ጎጃም ላይ ጠላትን ሲዋጉ ኖረዋል፤ በየቤቱ ሐዘን አለ። እንዲህ ላለ ሕዝብ ነው ክፉን በክፉ አትመልሱ የተባለው። ለመበቀል ምክንያት ላለው ሰው በቀልን ተው ማለት ምን ዓይነት ድምፅ ይፈልጋል? ልጆቹን ይህን ጠይቋቸው። ለማቅረብ ከ150 እስከ 180 ቃል ያለው ክፍል ምረጡ፤ ረጋ ተብሎ ሲነገር 2 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ በአንድ ክፍል 60 ተማሪ አለኝ። ሁሉንም እንዴት ላዳርስ? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ በ5 ሰው ይመድቧቸው፦ አንድ ተናጋሪ፣ ዘመኑን በ1 ደቂቃ የሚያስተዋውቅ፣ ቃል ሲጠፋ የሚያስታውስ፣ እንደ ዘመኑ አድማጭ ሆነው የሚጠይቁ ሁለት። በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ 4 ቡድን ይበቃል፤ ከ20 ነጥብ 10ሩን ለታሪኩ፣ 7ቱን ለአነጋገር፣ 3ቱን ብቻ ለሽምደዳ ይስጡ። ሽምደዳው ብዙ ነጥብ ከያዘ ልጆቹ እንደ በቀቀን ያወርዱታል።

ጥያቄ፦ ሞጣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ድምፄ ከኋላ አይሰማም ይሉኛል። ወረቀት ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ደግሞ ሴት ሆኜ የንጉሥ ንግግር ባቀርብ ይስቁብኛል ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ እህታችን፣ ከመጨረሻው እንጀምር። ድምፅሽን ለማወፈር ከሞከርሽ ይስቃሉ፤ በራስሽ ድምፅ ከተናገርሽ ግን ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ ንግግሩን እንጂ አንቺን አያስቡም። ለአዋጅ ነጋሪነት ደግሞ ቀጭን ድምፅ በጫጫታ ውስጥ ተለይቶ ሊሰማ ስለሚችል ይጠቅምሻል።

ከኋላ የማይሰማው አብዛኛውን ጊዜ ድምፅሽ አንሶ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚወድቅ ነው። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ይመጣል፤ መሆኑም አለመሆኑም እዚያ ነው ያለው። «አልተውህም» ስትዪ ትንፋሽ ካለቀብሽ አድማጩ መተውሽን ወይም አለመተውሽን አያውቅም። ጽሑፉን በእርሳስ አዘጋጂው፦ ትንፋሽ በምትወስጂበት ቦታ አንድ ቁም መስመር፣ በምታርፊበት ሁለት፣ ከእያንዳንዱ ማሰሪያ ግስ ሥር ደግሞ ሰረዝ። ጠብቆ የሚነበበው ፊደል ላይ ነጥብ አድርጊ፤ «ይመታል» ላልቶና ጠብቆ ሲነበብ መቺውና ተመቺው ይለዋወጣሉ። ከዚያ ጓደኛሽን በ30 እርምጃ ርቀት ሜዳ ላይ አቁመሽ ተናገሪ፤ እሷ የሰማችውን ግስ ብቻ ትጻፍ። የጎደሉትን ደግመሽ ተለማመጂ።

ስስ ወረቀት የእጅን መንቀጥቀጥ አጉልቶ ያሳያል። ጽሑፉን በደብተር ሽፋን ካርቶን ላይ ለጥፊው፣ ክርንሽንም ወደ ጎንሽ ጠጋ አድርጊ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ሳታዪ በቃልሽ በዪ፤ ፍርሃቱ የሚበረታው እዚያ ላይ ነውና። ማይክሮፎን ከሰጡሽ ከአፍሽ አንድ ስንዝር አርቀሽ፣ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብለሽ ያዢው። ፊት ለፊት ከያዝሽው እንደ «ፐ» ያሉ ድምፆች እየፈነዱ ድምፅ ማጉያው ይጮኻል።