ክሮሞዞም ከመቀባታችሁ በፊት ሽማግሌ ጠይቁ

ዘመድ ለማወቅ ለዲኤንኤ ምርመራ ምራቃቸውን በፖስታ ልከው ውጤት የመጣላቸው ልጆች ይደውሉልኛል። «ካርታው አልገባኝም» ይላሉ። የቅድመ አያትህ ስም ማን ነው ስል ጸጥ! እንግዲህ ስሙ። ክሮሞዞም ዲኤንኤያችን የተጠቀለለበት ክር ነው፤ መቀባት ማለት የትኛው ቁራጩ ከየትኛው ዘመድ እንደመጣ ካርታ ላይ በቀለም መለየት ነው።

1. ወረቀት። ፈረንሳይ ያላችሁ፣ ይህን ምርመራ በግል ማድረግ በሕግ ክልክል ነው። ሌላ አገር ያላችሁ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ።

2. መሣሪያው። አንሴስትሪ የሚባለው መርማሪ ድርጅት ዘመድ ያሳያችኋል እንጂ የምትጋሩት ቁራጭ የትኛው ክሮሞዞም ላይ እንዳለ አያሳይም። ጥሬ ፋይሉን አውርዳችሁ ጄድማች ላይ ጫኑት፤ ዲኤንኤ የሚያነጻጽር ድረ ገጽ ነው። ከየት እስከ የት እንደምትጋሩ በቁጥር ይሰጣችኋል። ቁጥሩን ካርታ የሚቀባበት ድረ ገጽ፣ ዲኤንኤ ፔይንተር ላይ ለጥፉ፤ አንድ ካርታ በነጻ ነው። የእናታችሁን ወገን ቀይ፣ የአባታችሁን ሰማያዊ ቀቡ። ከ7 ሴንቲሞርጋን (የዲኤንኤ ቁራጭ መለኪያ ነው) በታች የሆነውን እለፉት፣ ብዙው የአጋጣሚ ነው።

እዚህ ጋ ሁሉም ይሳሳታል። ከአንተ ጋር የሚጋሩ ሁለት ሰዎች ካርታህ ላይ አንድ ቦታ ስለተደራረቡ ብቻ እርስ በርሳቸው ዘመዳሞች አይደሉም። ክሮሞዞም ጥንድ ነው። አንደኛው ሰው በእናትህ፣ ሌላው በአባትህ በኩል ሊሆን ይችላል። እርስ በርሳቸው እዚያው ቦታ ላይ መጋራታቸውን አረጋግጥ።

«ስንት ፐርሰንት እንትን ነኝ» ብላችሁ ለፌስቡክ ጭቅጭቅ የምትፈልጉት ካላችሁ ደግሞ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

3. ስም። ፈረንጅ በቤተሰብ ስም ዘመዱን ይለያል። እኛ ጋ አይሠራም። ወንድማማቾች አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ተመዝግበው ልጆቻቸው ባዕድ መስለው ይቀራሉ። ዝርዝሩ ላይ ያለው ተስፋዬ ሁሉ አጎትህ አይደለም። ስለዚህ ቀለሙን ስም የሚያደርግልህ ሰው ነው፤ ያውም ሽማግሌ።

እናንተ ግን ምን ታደርጋላችሁ? እናት ለስድስት ወር ቪዚት ትመጣለች፤ ልጅ ስታሳድግላችሁ ከርማ ትሄዳለች። ሞል ወስዳችሁ ፎቶ ታነሷታላችሁ። አንድ ቀን ቡና አፍሉና ስልኩን መቅጃ ላይ አድርጋችሁ ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጡት። «ዘርሽን ንገሪኝ» አትበሏት፣ ትዘጋለች። እነማንን ማግባት አይቻልም ነበር በሏት። ሰባት ቤት የሚቆጠረው ለዚህ ነበርና ወዲያው ትጀምራለች። ጎጃምና ጎንደር ደግሞ እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ርስት የሚጠየቀው በአባትም በእናትም ዘር ተቆጥሮ ነው፤ መሬት የተሟገተ አዛውንት ካለ እሱ ዘንድ ሂዱ። የክርስትና ስምም ጻፉ። ከፈቀደች እሷም ትመርመር። አዛውንት ምራቅ ቶሎ አይመጣላቸውም፤ ጉንጭ የሚጠረግበትን ኪት ግዙ። ሳትነግሯት ግን እንዳታደርጉት!

የእናቴ አጎት ሰባት ቤቱን በቃሉ ይደረድር ነበር። ይዞት ሄደ። ካርታዬ ላይ 9ኛው ክሮሞዞም ግማሹ ግራጫ ነው፣ የማን እንደሆነ የሚነግረኝ የለም።

4. አሁን ወደሚያንገበግበኝ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 የውጭ ጉዲፈቻን ከመከልከሏ በፊት የሄዱ ልጆች ዛሬ አድገዋል። ካርታ አላቸው፣ ስም የላቸውም። አንዱ «1,750 ሴንቲሞርጋን እንጋራለን» ብሎ ይጽፍልሃል። ይህ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በአባት ወይም በእናት ብቻ የሚገናኝ ወንድም፣ አጎት ወይም የወንድም ልጅ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ዕድሜና የቤተሰብ ወሬ ይለየዋል። ወንድ ከሆንክ ደግሞ ኤክስ ክሮሞዞምህን እይ። የምታገኘው ከእናትህ ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ ከተጋራችሁ የእናትህ ወገን ነው። አንተ ግን የአባቴ ጉድ እንዳይወጣ ብለህ መልእክቱን ትሰርዛለህ! ልጁ ምን አደረገ? ሰውየው ያደረገውን ሰውየው ያውቃል። ዛሬ ማታ መልስ ጻፍለት። የአባትህን የትውልድ ቀበሌ፣ የወንድሞቹን ስም፣ የት የት እንደሠራ። ያለህን ስጠው።